ሁለት አዲስ ዓመት ያላት መንደር

«እማዬ፣ እኛ ገናን ለምንድነው ዘግይተን የምናከብረው?»

ዙሪክ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ከአሥር ዓመት ልጇ ትሰማለች። የክፍል ጓደኞቿ በዓሉን ከረሱት ሰንብተዋል። ልጅቷ «የእኛ ገና ነገ ነው» ማለት ታፍራለች።

እናትየው መልስ ስታጣ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2024፣ በገናና በጥምቀት መካከል ባለች ቅዳሜ፣ ልጇን ይዛ ወደ ኡርኔሽ በባቡር ሄደች። ኡርኔሽ በምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ በአፐንዜል ተራሮች ውስጥ ያለች የከብት አርቢዎች መንደር ናት።

እዚያ ጭምብል ያጠለቁ ወንዶች ትልልቅ የከብት ደወል ተሸክመው በቡድን በቡድን ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። አንዳንዶቹ የመንደሩ ኑሮ የተቀረጸበት ትልቅ ጌጥ በራሳቸው ላይ ደፍተዋል፤ ሌሎቹ ገለባና የጥድ ቅርንጫፍ ለብሰዋል። ደጃፍ ላይ ክብ ሠርተው ደወላቸውን ያንቀጫቅጫሉ፣ ቃል የሌለው ዜማ ያዜማሉ። ከዚያ ባለቤቶቹን ጨብጠው መልካም ዓመት ይመኛሉ። የሚቀርብላቸውን መጠጥ ጭምብሉን ሳያወልቁ በስትሮ ይጠጣሉ።

እናትየው «ሆያ ሆዬ እኮ ነው!» አለች።

አዲስ ዓመት በዚህ ቀን ለምን? ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 የቀን አቆጣጠሩን ሲያሻሽሉ፣ ፕሮቴስታንት የሆኑት የአካባቢው ሰዎች የሮምን ትእዛዝ አልተቀበሉም። አዲሱ አቆጣጠር ጸንቶ የገባው በ1798፣ የፈረንሳይ ጦር አገሪቱን ከያዘ በኋላ ነው። የመንደሩ ሰው ግን አሮጌውንም አልጣለም፤ ዲሴምበር 31ን ያከብራል፣ ጃንዋሪ 13ን ይደግማል። የእኛም ገና ጃንዋሪ 7 ላይ የሚውለው ያንኑ ማሻሻያ ስላልተቀበልን ነው።

እነዚህን ገበሬዎች «ኋላ ቀር» የሚላቸው የለም። ባቡራቸው በሰዓቱ ይደርሳል፣ አሮጌው ዓመታቸውም በቀኑ ይሸኛል። ዘመናዊነትና ወግ አልተጣሉባቸውም።

እኛ ግን ለልጆቻችን «ባህላችን ነው» ብለን እናልፋለን፤ ምክንያቱን አንነግራቸውም። ምክንያቱን የማያውቅ ልጅ ከበዓሉ የሚወርሰው እፍረቱን ብቻ ነው።

ልጅቷ በመልስ ጉዞ ላይ ስለ ገና አልጠየቀችም። የጠየቀችው ሌላ ነበር፦

«እማዬ፣ ሆያ ሆዬ ምንድነው?»

አሥር ዓመት ሙሉ ማንም አልነገራትም ነበር።