ግርጌው የማይቀየረው ቀለህ

ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ ይነዳል፣ እርሳሱ ይሄዳል፤ ቀለሁ ግን ይተርፋል። አሜሪካ ውስጥ ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉ አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች ብዙ ናቸው። ለገዛ ራሱ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለሽያጭ ከሆነ ግን ፈቃድ ግድ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ቀለሁን መልሶ በመሙላት ብቻ አያቆሙም፤ የሌላ ጠመንጃ ቀለህ ያደርጉታል። ስለዚህ ሥራ ሲወራ ጨዋታው ሁሉ ስለ መሣሪያው ነው፦ የትኛው ዳይ (ቀለሁ ተጨምቆ ቅርጽ የሚይዝበት ብረት) ይሻላል፣ የትኛው መቁረጫ ይፈጥናል። ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ ቅርጹ ተለውጦ ያለቀው ቀለህ ውስጥ ምን ሳይለወጥ ቀረ የሚለው ነው።

ቅርጹን መለወጥማ ይቻላል። ቀለህ የሚሠራበት ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው፤ በዳይ ሲጨመቅ እሺ ይላል፣ ሲደጋገምበት ግን እየጠጠረ ይሄድና አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንገቱንና ትከሻውን በእሳት ያለሰልሱታል። እሳቱ ወደ ግርጌው መውረድ የለበትም፤ ግፊቱን ችሎ የሚይዘው የግርጌው ጥንካሬ ነውና። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የጠመንጃ ጥይቶች ዘመዳሞች ናቸው። 12 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው የ1888ቱ የጀርመን ጥይት ግርጌ ወደ አሜሪካው 30-06 ጥይት ተሻግሯል፤ ከዚያም ወደ 308፣ ወደ 270፣ ወደ 243 ወርዷል። እኛ አገር በየዘመኑ የታጠቅናቸው ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ በዚህ ይገናኛሉ፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት የገባው የማውዘር ጥይትና የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የተኮሰበት የኤም-1 ጥይት ግርጌያቸው አንድ ነው። 63 ሚሊሜትር የሆነው የ30-06 ቀለህ ተጨምቆና ተቆርጦ 57 ሚሊሜትር ሲሆን የማውዘሩ ጥይት ቀለህ ይሆናል።

ችግሩ የሚጀምረው ዓይን ከማያየው ከውስጡ ነው። የቀለህ ግድግዳ ከላይ ስስ ነው፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይወፍራል። 30-06ን ወደ 308 የሚቀይር ሰው ርዝመቱን ወደ 51 ሚሊሜትር ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ የድሮው አንገትና አብዛኛው ትከሻ ተቆርጦ ይወድቃል፣ አዲሱ አንገት የሚወጣው ከወፍራሙ ገላ ነው። ከውጭ ሲያዩት ልክክ ያለ 308 ነው። ግድግዳውን ከውስጥ ወይም ከውጭ ካልላጉት ግን ጠመንጃው ሲጎርሰው አንገቱ በብረቱ ይታነቅና እርሳሱን አልለቅ ይላል። እንዲህ ያለው ጥይት በደህናው ጊዜ እንኳ ከ4,000 ባር በላይ ግፊት ይፈጥራል፤ የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው 2 ባር አካባቢ መሆኑን ልብ ይሏል። መውጫ ያጣ እርሳስ ይህን ግፊት ወዴት እንደሚወስደው ማንም አይቆጣጠርም። ግድግዳው ከወፈረ የባሩዱ ቦታም ይጠባል፤ ለፋብሪካ ቀለህ የተጻፈው የባሩድ ልክ ለተቀየረው አይሠራም።

ከዚህም የከፋው ግርጌው ላይ የተመታው ጽሑፍ ነው። ፋብሪካው የጻፈው የድሮውን ስም ነው፤ ዳይ አይነካውም። የ300 ብላክአውትን ነገር እንይ። ይህ ጥይት በ2011 በአሜሪካ የጥይት አምራቾች ደረጃ ሲጸድቅ ተወዳጅ ያደረገው አንዱ ነገር ከ5.56 ቀለህ መሠራቱ ነው፤ ቀለሁ ወደ 35 ሚሊሜትር ይቆረጣል፣ የጠመንጃው ቃታና ካዝና እንዳለ ይቀራል፣ የሚለወጠው አፈሙዙ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጥይቶች አንድ ካዝና ይገባሉ። 7.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን የብላክአውት እርሳስ 5.56 ጠመንጃ ከጎረሰው፣ አንዳንዱ እርሳስ ደግሞ ይጎረሳል፣ ሲተኮስ ማለፊያ የለውም፤ ጠመንጃው ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። እንዲህ የፈነዱ ጠመንጃዎች አሉ። ተጠራጥሮ ግርጌውን የሚያነብ ሰው ደግሞ የሚያገኘው የ5.56ን ምልክት ነው፤ ማለትም ጽሑፉ ከጥርጣሬው ያወጣዋል።

«የሠራሁትን እኔ አውቀዋለሁ» የሚል መልስ ይሰጣል። ያውቀው ይሆናል። ነገር ግን ናስ ከሰው ዕድሜ ይበልጣል፤ ሳጥኑ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ተኩስ ሜዳ ላይ የወደቀውን ቀለህ ሌላ ሰው ለቅሞ ይወስደዋል። በሳጥን ላይ የተለጠፈ ወረቀትም ከጥይቱ ጋር አይሄድም። ሌላው መከራከሪያ ቁጠባ ነው፤ ለዚህ ያለኝ አክብሮት ትንሽ ነው። ለ300 ብላክአውት ትክክለኛ ስሙ የተጻፈበት የፋብሪካ ቀለህ ገበያ ላይ ሞልቷል፤ ለጥቂት ሳንቲም ተብሎ ውሸታም ግርጌ ማምረት አይታየኝም። ጥይቱ ለጠፋበት ጠመንጃ ግን ነገሩ ይለያል። ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወታደሮች አሪሳካ የተባለውን የጃፓን ጠመንጃ ይዘው ሲገቡ 7.7 ጥይቱ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ አንዳንዶቹ ከ30-06 ቀለህ ቀይረው ነው የተኮሱበት። ዛሬም ግድግዳ ላይ ብቻ ተሰቅሎ የሚቀረውን ጠመንጃ ወደ ተኩስ ሜዳ የሚመልሰው ይኸው ሥራ ነው። እንዲህ ላለው ሰው የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንገቱን በማይክሮሜትር ለክቶ ሲጨርስ የድሮውን ጽሑፍ ይሰርዝ፣ አዲሱን ስም ናሱ ላይ ይቅረጽ። ይህንን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ሰው ቀለሁን ባይነካው ይሻላል።