የጳጉሜን ልጅ
በአሶሳ ያሳለፍነው ዓውደ ዓመት

በ2017 ዓ.ም. የነሐሴ ወር ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ለትምህርት ሥራ ወደ አሶሳ ሄድን። አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ስትሆን፣ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ በሚያልፈው መንገድ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እኛ የተጓዝነው በአውሮፕላን ስለ ነበረ ያን ሁሉ አገር ከደመና በላይ ሆነን አለፍነው። ስንወርድ ግን ክረምቱ ገና በሙሉ ኃይሉ ነበረ፤ በዚያ አገር ዝናቡ እስከ ጥቅምት ይዘልቃልና።

ከከተማው ወጣ ሲሉ አስቀድሞ ዓይን የሚይዘው ሽመል ነው። ይህ የቆላ ቀርከሃ እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሳይሆን ለድፍን የቀረበ በመሆኑ ለቤት ግድግዳ፣ ለአጥር፣ ለአልጋና ለቅርጫት ያገለግላል። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው። በአሶሳ ዙሪያ የሚበዙት በርታዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቻቸው የእስልምና ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው። ከእነርሱ ጋር በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው የሠፈሩ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ሠፋሪዎቹ የተመሠረቱባቸው መንደሮች እስከ ዛሬ በስማቸው ላይ ቍጥር ይዘው ይጠራሉ።

ያረፍነው በአንድ የሙያ ባልደረባችን እኅት ቤት ነበረ። ሴቲቱ በአሶሳ ተወልዳ ያደገች ናት፤ እናትዋ ግን በ1977 ዓ.ም. ከወሎ የመጡ ናቸው። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሕፃናት አሉ፤ ስድስት ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ሴት ልጅና የአራት ዓመት ታናሽ ወንድምዋ። የልጆቹ አባት በዚሁ ክልል በጉባ በተሠራው የሕዳሴ ግድብ ሠራተኛ ስለ ሆነ፣ ዓውደ ዓመት ሲደርስ ከቤት የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዶሮውን ማን ይረድ፣ ቄጠማውን ማን ያምጣ፣ ልጆቹን ማን ያልብስ የሚለው ሁሉ በእናቲቱ ትከሻ ላይ ያረፈ ነበረ።

በደረስን በጥቂት ቀን ውስጥ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶች የመውሊድን በዓል አከበሩ። አጥር የምትጋራው የበርታ ሴት የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር አምጥታ ለቤተሰቡ ሰጠች። ትንሺቱ ልጅ ይህ በዓል ምን እንደ ሆነ ጠየቀች፤ የነቢያቸው ልደት መሆኑን እናትዋ ነገረቻት። ልጅቱም ጥቂት አሰበችና «የጌታችንም ልደት ገና ነው፤ የእመቤታችንም ልደት ግንቦት ልደታ ነው፤ የወንድሜም ልደት ጥር ላይ ነው፤ የኔስ መቼ ነው?» አለች።

እናቲቱ ዝም አለች። ዝምታዋም ምክንያት እንደ ነበረው ኋላ ተረዳን። ልጅቱ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። ከተወለደች ወዲህ እውነተኛው ቀንዋ የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2015 ዓ.ም. ሲሆን በዚያም ቀን አባትዋ በሥራ ላይ ነበረ። በሌሎቹ ዓመታት እናቲቱ ጳጉሜን 5 ቀን ሻማ አብርታ፣ ዳቦ ቈርሳ፣ «ቀንሽ ነው» እያለች አሳለፈችው። ዘንድሮ ግን ልጅቱ ትምህርት ቤት ገብታ መቍጠር ተምራለች። በክፍልዋ ግድግዳ ላይ የልጆች ሁሉ ስም በተወለዱበት ወር ሥር ተጽፎ ነበረ፤ የተሣሉት ወራት ግን ዐሥራ ሁለት ብቻ ስለ ነበሩ የእርስዋ ስም ከዳር ለብቻው ተለጥፎ ከረመ። ቍጥርን የምናስተምር እኛ መምህራን ነንና፣ ይህን በሰማን ጊዜ ጥቂት አፈርን።

ጳጉሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው። በዚያ ዕለት የሚዘንበው ዝናም እንደ ጠበል ስለሚቈጠር ሕፃናቱ ገና ደመናው ሲጠቍር ልብሳቸውን አውልቀው ደጅ ወጡ። የጎረቤት ልጆችም ተቀላቀሏቸው። ጳጉሜን 4 ቀን ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ግድብ ተመረቀ፤ ቁመቱ 145 ሜትር የሆነውን ያን ግንብ በቴሌቪዥን ስናይ ሁለቱ ሕፃናት ከመስተዋቱ ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው በሕዝቡ መካከል አባታቸውን ይፈልጉ ነበረ። አላገኙትም። «ይህን ሁሉ የሠራው እርሱ ነው?» ብሎ ወንዱ ልጅ ጠየቀ። እናቲቱም «ከሠሩት አንዱ ነው» አለችው።

ጳጉሜን 5 ቀን ረቡዕ ማታ ጭንቁ መጣ። እናቲቱ በሙዝ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ዳቦ አውጥታ ሻማውን ልታበራ ስትል ልጅቱ እጅዋን ያዘቻት።

«እማዬ፣ ዛሬ ስንት ነው?»

«ጳጉሜን አምስት።»

«ነገስ?»

«ነገ እንቁጣጣሽ ነው።»

«እንግዲያ ስድስት የት ሄደች? የኔን ቀን ማን ወሰዳት?» ብላ አለቀሰች።

እናቲቱ ወደ እኛ ተመለከተች። እኛም በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ተምረናልና ለማስረዳት ተነሣን። «ዓመተ ዓለም 7517 ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው፤ ሦስት ሲተርፍ ግን ዘመነ ሉቃስ ይሆናል» እያልን በጣታችን ቈጠርንላት። የልጅቱ እንባ ግን ከቀድሞው ይልቅ በረታ። ዕውቀታችን እውነት ነበረ፤ ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን እንጀራ ግን አልሆነም።

እናቲቱ ቢላዋውን አነሣችና ዳቦውን በመስቀል ምልክት ከአራት ከፈለችው። «እይ ልጄ፤ ቀንሽን የወሰዳት የለም። እያንዳንዱ ዓመት ሲያልቅ ስድስት ሰዓት ይተርፈዋል። ይህ ሩብ ዳቦ የማቴዎስ ነው፤ ይህ የማርቆስ፤ ይህ የሉቃስ፤ ይህ የዮሐንስ። አራቱ ወንጌላውያን የየራሳቸውን ሩብ ያስቀምጡልሻል። አራቱ ሩብ ሲገጥም አንድ ሙሉ ዳቦ፣ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ያን ጊዜ ሉቃስ ተሸክሞ ያመጣልሻል። ዛሬ የማቴዎስን ሩብ እንበላለን» አለቻት። ልጅቱም እንባዋን ጠርጋ ሩቡን አየችው፤ ከዚያም «ለአባዬስ?» አለች። ከእርስዋው ሩብ ተቈርሶ ለአባትዋ ተቀመጠ።

አያትዮዋ እስከዚያ ድረስ ከምድጃው አጠገብ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበረ። ተነሥተው ከጓዳ አንድ ቅል አመጡ፤ ውስጡ ጠጠር ነበረ። «መምህር፣ እኔ ፊደል አልቈጠርሁም፤ ይህ ነው መጽሐፌ» አሉን። ከወሎ ሲመጡ አዲሱ ሠፈር ላይ የሥራ ቀን የሚያውጅ ሰው ነበረ፤ የጾም ቀን የሚያውጅ ግን በአቅራቢያቸው አልነበረም። እርሳቸውም ቀኑ እንዳይጠፋባቸው ሠላሳ ጠጠር ለቅመው በየማለዳው አንዱን ከቅል ወደ ቅል ያዛውሩ ነበረ። ወሩ ሲያልቅ እንደ ገና ይጀምራሉ፤ ለጳጉሜንም አምስት ጠጠር ለይተው አኖሩ። እንዲህ እያደረጉ ጾሙን ጾሙ፤ ልጆቻቸውንም በበዓል ቀን ገላቸውን አጥበው፣ ያለውን ቈርሰው፣ «ዛሬ እገሌ የተባለ በዓል ነው» እያሉ አሳደጉ።

«አንድ ዓመት ግን ተሳሳትሁ» አሉን እየሳቁ። ዘመነ ሉቃስ መሆኑን ስላላወቁ በ1979 ዓ.ም. መጨረሻ የጳጉሜንን ስድስተኛ ቀን ረሱ። ዳቦ ጋግረው፣ ልጆቻቸውን አልብሰው ወደ ጎረቤት ቢሄዱ ሰዎቹ ገና በጳጉሜን ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስድስተኛ ጠጠር ጨመሩ። ያችንም ጠጠር አውጥተው በልጅቱ መዳፍ ላይ አኖሩና «ይህች ያንቺ ናት፤ ሉቃስ እስኪመጣ ጠብቂያት» አሏት። ልጅቱ ጠጠሩዋን ጨብጣ ተኛች።

አንባብያን ሆይ! አንዳንድ ወላጆች የልጆችን የልደት ቀን ማክበር የተገባ ነው ወይስ አይደለም ብለው ይጠይቁናል። ቤተ ክርስቲያናችን የጻድቃንንና የሰማዕታትን በዓል በብዛት የምታከብረው ባረፉበት ቀን መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም የጌታችንን ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የእመቤታችንን ግንቦት 1 ቀን፣ የመጥምቁ ዮሐንስን ሰኔ 30 ቀን ታከብራለች። በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ልደት ግብዣ ስናነብ የፈርዖንን እናገኛለን፤ በዚያ ቀን የእንጀራ አበዛዎቹ አለቃ ተሰቀለ። የሄሮድስንም እናገኛለን፤ በዚያ ቀን የዮሐንስ ራስ በወጭት ቀረበ። አባቶች ይህን እያሰቡ ቢጠነቀቁ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን በደሉ የቀኑ አይደለም፤ ያለ ምስጋና የሚበላና ያለ ልክ የሚጠጣ ግብዣ በደል ነው። ጻድቁ ኢዮብ ልጆቹ በየተራቸው ግብዣ ባደረጉ ጊዜ ግብዣቸውን አልከለከለም፤ በማለዳ ተነሥቶ ስለ እያንዳንዳቸው መሥዋዕት አቀረበ እንጂ።

ይህችም እናት ያደረገችው እንደዚሁ ነው። ሻማው ከመብራቱ በፊት አባታችን ሆይ ተደገመ። ቀኑ ረቡዕ ስለ ሆነ በማዕዱ የጾም እህል ብቻ ነበረ። ከዚያም በላይ ሌላ ቀን ነገረቻት። ሕፃን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ በመጽሐፈ ኩፋሌ ተጽፎአልና። ከጳጉሜን 6 ቀን ጀምሮ ሲቈጠር ሰማንያኛው ቀን ኅዳር 19 ይውላል፤ ልጅቱም በዚያ ዕለት ተጠምቃ በመልአኩ በገብርኤል ስም የክርስትና ስም ተቀበለች። ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለ ነበረ የክርስትናዋ ድግስ ሽሮና ምስር ነበረ። «ከእኔ የተወለድሽበት ቀን በአራት ዓመት ይመጣል፤ ከውኃና ከመንፈስ የተወለድሽበት ግን በየዓመቱ ይመጣል፤ የመልአኩም መታሰቢያ በየወሩ በ19 አለልሽ» አለቻት። ልጅቱም «እንግዲያ ከወንድሜ ይልቅ የኔ ይበዛል» ብላ ደስ አላት፤ ወንድምዋ በተራው አለቀሰ።

መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ ቄጠማው ተጐዝጕዞ፣ ቡናው ቀርቦ ቆየን። የጎረቤቲቱ ሴት ልጅ ከኛይቱ ልጅ ጋር አበባ ይዛ በየደጁ አበባየሆሽ ስትጫወት አረፈደች። እናቲቱ ለእኛ ዶሮ ስትሠራ፣ ለጎረቤቶችዋ ደግሞ ሌላ ዶሮ ሰጠቻቸውና በራሳቸው ሥርዓት ባርከው በራሳቸው ድስት ሠሩ። ሥጋው በየቤቱ ቢበላም ዳቦውና ቡናው በአንድነት ሆነ። ልጆቹም የሚለያየውና የሚያገናኘው ምን እንደ ሆነ ያለ ክርክር አዩ።

በስልክ አባትየው እንኳን አደረሳችሁ ሲል ልጅቱ በመጀመሪያ የነገረችው ስለ አዲሱ ልብስዋ አልነበረም። «አባዬ፣ የማቴዎስን ሩብ በልተናል፤ ያንተ ተቀምጧል። በ2019 ሉቃስ ሲመጣ አንተም ና» አለችው። ከወዲያ በኩል ጥቂት ጊዜ ድምፅ አልተሰማም። ከዚያም «እግዚአብሔር ቢፈቅድ እመጣለሁ» አለ።

ከአሶሳ ስንመለስ ይህን እያሰብን ነበረ። ባሕረ ሐሳብን የደረሱልን ሊቃውንት አባቶች ናቸው፤ በየቤቱ ግን ቀኑን የምትቈጥረው እናት ናት። የትኛው ጾም እንደ ገባ፣ የትኛው ልጅ መቼ እንደ ተወለደና መቼ እንደ ተጠመቀ እርስዋ ታውቃለች፤ እርስዋ መቍጠር ብትተው በዓሉ ከግድግዳ ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ልጆቻችሁ ልደቴ መቼ ነው ሲሉአችሁ ኬክ ከመግዛታችሁ በፊት የተጠመቁበትን ቀን ንገሩአቸው፤ ዳቦውን አብረዋችሁ ይጋግሩ፤ በሩቅ ላለውም ድርሻውን ያስቀምጡ። አባቶችም ብትሆኑ ቈጣሪዋን ብቻዋን አትተዉአት።