ማን እንደሆንክ ንገረኝ

ግቢ እያለን የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የሚኖረው አንድ ፍላሽ ውስጥ ነበር። ፎልደሮቹ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የምር የመጨረሻ» ይባላሉ። ማስረከቢያው ሦስት ቀን ሲቀረው ጓደኛዬ የጻፈው የክፍያ ኮድ ጠፋ። «አንተ ነህ ያጠፋኸው» አልኩት፣ አማካሪያችን ፊት። አልተከራከረኝም። ሁለት ሌሊት ሳይተኛ እንደ አዲስ ጻፈው። ተመረቅን፤ ግን እንደ ድሮው አልሆንንም።

ሥራ በጀመርኩ ሳምንት አለቃዬ «ጊት ጫን» አለችኝ። ኡቡንቱ ላይ ቀላል ነው፤ ተርሚናል ከፍቶ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጊት» ማለት ነው። ከዚያ «ጊት ኢኒት»፣ «ጊት አድ»፣ «ጊት ኮሚት»። ኮሚቱ ላይ ግን እምቢ አለኝ፤ መጀመሪያ ማን እንደሆንክ ንገረኝ አለ። «ጊት ኮንፊግ» ብዬ ስምና ኢሜይል ሞላሁ። ደስ ያለኝ ነገር፣ የስም ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ «የቤተሰብ ስም» ብሎ አያስጨንቅህም። ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ።

ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን የሠራው እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ከርነል ነው። ብዙ ሰው በሚነካው ኮድ ላይ ማን ምን እንደለወጠ መታወቅ አለበት። እኛ አራት ሆነን እንኳ አላወቅንም ነበር።

የሆነ ቅዳሜ ፍላሹን አገኘሁት። ፎልደሮቹን በቀናቸው ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ኮሚት አደረግኩና «ጊት ዲፍ» አልኩ። የእሱ የክፍያ ኮድ በቀይ፣ እኔ በዚያው ሌሊት ላፕቶፔ ላይ የሠራሁት የሪፖርት ገጽ በአረንጓዴ፤ ሁለቱም እዚያው ለውጥ ውስጥ። ገባኝ። አሮጌ ኮፒዬን በአዲሱ ላይ የገለበጥኩት እኔው ነኝ።

ጊት የጻፈውንና የመዘገበውን ሰው ለየብቻ ይይዛል። ሁለት ሌሊት የፈጀውን ኮድ «ኦተር» በሚለው ትእዛዝ በእሱ ስም አስገባሁት፤ የመጨረሻው ኮሚት እሱ ሆነ። ከዚያ ደወልኩ።

«ያኔ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ዝም አለ። «አውቃለሁ እኮ» አለኝ ቆይቶ። «ሊንኩን ላክልኝ።»

ላክሁለት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልስ መጣ፦ «የአባቴን ስም ተሳስተሃል።»

«አሜንድ» ብዬ አስተካከልኩት። የጸሐፊው ስም መለያው የሚሰላበት አካል ስለሆነ የኮሚቱ 40 ሆሄ መለያ ተቀየረ። አዲሱን ሊንክ ላክሁለት። «አሁን ልክ ነው» አለኝ፤ ቀጥሎም የት እንደምሠራ ጠየቀኝ።