ውሃ የተኛበት ሜዳ

መርካቶ ያደገ ሰው ባዶ ቦታ አይቶ ዝም አይልም። እህል በረንዳ አካባቢ የሱቅ ደጃፍ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው፤ አንዱ ሚዛኑን ያስቀምጥበታል፣ ሌላው ጆንያውን ይደረድርበታል፣ ከበላዩ ደግሞ ወንፊትና ገመድ ይንጠለጠላል። ተሸካሚው «ዞር በል!» እያለ ሲመጣ ዞር የሚሉበት ስፍራ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። እዚህ ስላደግሁ ማንኛውንም መሬት ሳይ ቀድሞ የሚመጣልኝ ምን ያህል ዕቃ ይይዛል የሚለው ነበር። ቀኔንም የማየው እንዲሁ ነበር፤ ሽያጭ ያልገባበት ቀን እንደባከነ እቆጥረው ነበር። ከዚህ አስተሳሰብ ያላቀቀኝ መጽሐፍም መካሪም አይደለም፤ በፎገራ ሜዳ ላይ ያለ ጉዳይ በእግር መሄድ ነው።

ወደ ፎገራ የወሰደኝ ሩዝ ነው። የጤፍ ዋጋ እየጨመረ ሲሄድ እንጀራ ጋጋሪዎች ከጤፉ ጋር የሚቀይጡት ሩዝ ፈላጊው በዛ፤ እኔም ወረታ መመላለስ ጀመርኩ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። የሩዝ መፈልፈያ ቤቶቿ ብዙ ናቸው። መብራት ከጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ ማሽኑ ከቆመ አይሱዙው አይጫንም፤ አይሱዙው ካልተጫነ ነጋዴው ስልኩን ከመነካካት በቀር ሥራ የለውም። ቁጭ ማለቱ ሲሰለቸኝ ተነስቼ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጣና አቅጣጫ መራመድ ያዝኩ።

የፎገራ ሜዳ ዳገትም ቁልቁለትም የለውም። በስተምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ይታያል፤ ከፊት ግን ዓይን የሚያርፍበት ከፍ ያለ ነገር አይገኝም። የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ እዚያው ፊት ለፊት እያለ፣ ፊላውና ደንገሉ ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ አይታይም። መንገዱ የማሳ ድንበር ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሄድበትም። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በጥቅምት ገና ጫማ የሚይዝ ጭቃ ነው፤ በጥር ደግሞ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። መንደሮቹ ጥቂት ከፍ ባለው መሬት ላይ ተሰባስበዋል፤ ከሩቅ የሚለዩት በባሕር ዛፋቸውና በቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ነው። ጸጥታው ፍጹም አይደለም፤ ላም ትጮኻለች፣ የውሃ ፓምፕ ከሩቅ ይሰማል። ግን እያንዳንዱ ድምፅ ከየት እንደመጣ ይታወቃል።

እርምጃዬን ያዘገየው ሰላምታው ነው። መርካቶ ውስጥ የምንተላለፈው ትከሻ አዙረን ነው። እዚያ ግን መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ቆሞ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ አገሩ ሰላም፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠይቅ አያልፍም፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። መጀመሪያ ላይ በልቤ አይሱዙው ተጭኖ ይሆን እያልኩ እቸኩል ነበር። እየቆየ ግን ሰላምታውን ፈልጌ በመንደሮቹ በኩል የምዞር ሆንኩ።

አንድ ጥቅምት ወደ ናበጋ በሚወስደው መንገድ ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጋር አብረን ሄድን። ከሩዙ ማዶ ሣር ብቻ የበቀለበት፣ ውሃ ያቆረ ሰፊ መሬት አየሁና የነጋዴ ጥያቄዬን አቀረብኩላቸው።

«አባባ፣ ይኼን የሚያህል መሬት ለምን ባዶውን ይቀመጣል?»

«ባዶ አይደለም ልጄ፤ ውሃ ተኝቶበት ነው» አሉኝ። «እሱ ሲነሳ እኛ እንገባለን።»

ከዚያ ወዲህ ያንን ሜዳ በየወቅቱ እየተመላለስኩ አይቼዋለሁ። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች የደጋውን አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ጣናም ይሞላል፤ መሃል ያለው ሜዳ ውሃ ይለብሳል። ሌላውን እህል የሚያበሰብሰው ውሃ ለሩዙ ይስማማዋል። አምባዛ ከሐይቁ ወጥቶ የሚራባው በዚሁ ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው፤ ነጭ አሳ ደግሞ ለመራባት ወንዞቹን ሽቅብ ይወጣል። ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። (ጓያን ብቻ አዘውትሮ የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ እንደሚችል እዚያ ያልሰማ የለም፤ ቢሆንም በችግር ጊዜ የሚያወጣ እህል ነውና ማንም አይንቀውም።) ከዚያ ግጦሹ ለከብቱ ይሆናል፤ ስሟ የታወቀው የፎገራ ላም ያደገችው በዚህ ሣር ነው። በበጋው ደግሞ ከሰሜን አውሮፓ በረው የመጡ ረጃጅም ግራጫ ወፎች፣ ባለሙያዎች ክሬን የሚሏቸው፣ ከማሳው የወዳደቀውን ፍሬ ሊለቅሙ ይወርዳሉ። እኔ ባዶ ያልኩት መሬት በአንድ ዓመት ውስጥ የመርካቶ ደጃፍ የማያውቀውን ያህል ተከራይ ያስተናግዳል፤ ልዩነቱ እዚያ አንዱ እስኪለቅ ሌላው መጠበቁ ነው።

ውሃው ደግ ብቻ ነው አልልም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ሞልተው በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ አፈናቅለዋል። ሩዙም ቢሆን የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። በደርግ ዘመን ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሞከሩት፤ ብዙ ገበሬ የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ሙከራው ከተካሄደበት ስፍራ ከጅግና ነው። በክረምት ጎርፍ እህሉን ያጣ የነበረ ገበሬ በሩዝ ገበያ ወጣ፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ልጁን ከተማ አስተማረ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሜዳው ላይ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ፣ ርብ ሞልቶ ሲፈስ የሚሞሉ ረግረጎች አሉ። አሳውም ወፉም በእነሱ ይኖራል። ፓምፕ እየሳባቸው፣ ቦይ እየተቆፈረባቸው፣ እርሻው ከዳር ወደ መሃል እየገባ ስፋታቸው ቀንሷል። ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ መዝገቡ ብቻውን ግን ፓምፕ አያቆምም። እያንዳንዱ አዲስ ማሳ ለእኔ ተጨማሪ ጆንያ ነው፤ እንጀራዬ ከዚያ ነውና ሩዝ አትዝሩ የምልበት አፍ የለኝም፣ ልልም አልፈልግም። ነገር ግን የውሃው ማደሪያ ሁሉ ከታረሰ አምባዛው መራቢያ ያጣል፤ ጎርፉም መተኛ ሲያጣ ወደ መንደሩ ይገባል። ወረታ ላይ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ የታረሰው መሬት የተሻለ ምርት እንዲሰጥ የሚደክሙ ሰዎች አሉበት። መበርታት ያለብን በዚያ በኩል ነው።

ከሜዳው የተማርኩት ሱቄ ድረስ ገብቷል። ነሐሴ ላይ ዝናቡ በርትቶ ገበያው ሲቀዘቅዝ አሁን አልጨነቅም። ደብተሬን አስተካክላለሁ፣ መጋዘኑን አስጠርጋለሁ፣ የታመመ ወዳጅ እጠይቃለሁ። ማለዳ ሱቆቹ ሳይከፈቱ ከእህል በረንዳ ተነስቼ በእንዋር መስጊድና በራጉኤል በኩል እዞራለሁ፤ ከጥበቃዎቹና ከቡና አፍዪዎቹ ጋር ቆሜ ሰላምታ እለዋወጣለሁ፤ ስለ ልጆቻቸው እጠይቃለሁ፣ መልሱንም አዳምጣለሁ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት እንደ ልብ መሄድ ቀርቷል፤ ሩዙንም በስልክ ነው የማስመጣው። መንገዱ ሰላም ሲሆን እናንተም ሂዱ። ጥቅምት ወይም ኅዳር ይሁን፤ ከአገሬው አንድ ሰው ይዛችሁ፣ ማለዳ ተነስታችሁ፣ በማሳው ድንበር ወደ ሐይቁ ተራመዱ፤ ሰላም ያላችሁን ሁሉ ቆማችሁ መልሱ። ሩዝ የምንገዛም ሆነ የምንሸጥ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር፤ በሸሸርና በወላላ የቀረው መሬት ለውሃው ይተው።