ከዲንሾ እስከ ሶፍ ዑመር፦ የባሌ ድንጋዮች ምን ይነግሩናል?

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነሳ አብዛኛው ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ቀይ ቀበሮውና የደጋ አጋዘኑ ነው። ሁለቱም ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር በዱር የማይገኙ ናቸውና ዝናው ይገባቸዋል። እኛ ግን በግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ወደዚያ ያቀናነው ድንጋዩን ለማየት ነበር። ሦስት መምህራን ነን፤ አንዱ ጂኦግራፊ፣ አንዱ ኬሚስትሪ፣ አንዱ ደግሞ ጠዋት አማርኛ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ በመድረሳ ዓረብኛ ያስተምራል። ስለ ተራራና ስለ ውሃ ሦስታችንም በየክፍላችን እናወራለን። ተማሪ ደግሞ «ኡስታዝ፣ በዓይንዎ አይተውታል?» ማለቱ አይቀርም።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዲንሾ ነው። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከመኪና እንደወረዱ ደረጃ መውጣት እንኳ ያስተነፍሳል። እዚያ ያገኘነው አስጎብኚ የዲንሾ ተወላጅ ወጣት ሲሆን ለዓመታት ተመራማሪዎችን ሲመራ ከእነርሱ ብዙ የቀሰመ ነው። ጓዛችንን የጫኑልንን ፈረሶች የሚነዱት ደግሞ በዕድሜ የገፉ አባት ነበሩ፤ ሁሉም «ሐጂ» ይላቸዋል፤ እኛም እንዲሁ አልን። ወጣቱ ገና ሳንነሳ አንድ ሕግ አወጣልን፦ ድንጋይ ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ ኪስ ግን አይገባም። የኬሚስትሪው መምህር ቅር እንዳለው ከፊቱ ይነበብ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት የተሰጠን ወይብ ወንዝ በቀደደው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከማዶ ያለው ግድግዳ እንደ ተደራረበ እንጀራ ንብርብር በንብርብር ሆኖ ይታያል። እያንዳንዱ ንብርብር አንድ ጊዜ ቀልጦ የፈሰሰና የረጋ ዐለት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት በአገራችን ደጋዎች ላይ ከመሬት ስንጥቅ እየወጣ የተንጣለለ የቀለጠ ዐለት ነበር፤ የባሌም ተራሮች ከዚያ ዘመን ጀምሮ በተለያዩ ጊዜያት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ ከፍ ከፍ እያሉ የመጡ ናቸው። ኋላ ስምጥ ሸለቆው መሬቱን ሲሰነጥቀው ባሌና አርሲ በምሥራቅ፣ ሸዋና ጉራጌ በምዕራብ ቀሩ። ስለዚህ ባሌን እንደ አንድ ሾጣጣ ተራራ ማሰብ አያስኬድም፤ በእሳት የተነጠፈ፣ በውሃ የተቦረቦረ ሰፊ ሰገነት ነው ቢባል ይቀርባል።

በፈረስ ግማሽ ቀን ሄደን ፊንጫ ሐበራ ደረስን። ፊንጫ በኦሮምኛ ፏፏቴ ማለት ነው። ከፏፏቴው ብዙም ሳይርቅ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ዝቅ ያለ ዋሻ መሰል የዐለት ጥላ አለ፤ ለመንገደኛ ዓይን ፍየል የሚያድርበት ስፍራ እንጂ ሌላ አይመስልም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እዚህ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር አሳውቋል። በከፍተኛ ተራራ ላይ ሰው ስለመኖሩ እስከዚያ ከተገኙት ማስረጃዎች ሁሉ የቀደመ ነው ተብሏል። አመዳቸው ተገኝቷል፤ ጠብሰው የበሉት የግዙፍ ፍልፈል አጥንት ተገኝቷል፤ ከባልጩት የጠረቡት ስለትም ተገኝቷል። ባልጩቱ ቶሎ ከቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ፈሳሽ የሚገኝ፣ እንደ ጠርሙስ የሚሰበር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ያመጡት ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ሸንተረር ነበር።

«በዚያ ብርድ ምን አመጣቸው?» አልነው። ወጣቱ ሳቅ ብሎ በእጁ ወደ ላይ አሳየን። በዚያ ዘመን ከበላያችን በረዶ ነበር፤ ቆላው ደግሞ ደረቅ። በረዶው ሲቀልጥ ውሃ አለ፤ ፍልፈሉም ሩቅ የማያሳድድ ሥጋ ነው። «ታች ሲደርቅ ሰው ላይ ይወጣል» አለን። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለምን እንደሆነ የገባን ኋላ ነው።

በማግስቱና በሦስተኛው ቀን መንገዳችን ሽቅብ ሆነ። ከአስታው ቁጥቋጦ በላይ ሲወጣ ዛፍ የሚባል ነገር ያልቅና ጅብራው ብቻ ይቀራል። ራፉ በሚባለው ቦታ የድንጋይ ዓምዶች ተኮልኩለው ይታያሉ። የቀለጠ ዐለት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል። የደረቀ ኩሬ ጭቃ ላይ የምናየውን ስንጥቅ ወደ ጥልቀት የቀጠለ አድርገን ብናስበው ብዙ ማዕዘን ያላቸው ዓምዶች እንዴት እንደሚወጡ ይገባል። ይህን ለሰባተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ባልዲ ጭቃ ማሳየት ይቻላል።

ሰነቴ ላይ ያየነው ግን ከዚህ ይበልጣል። ይህ 4,000 ሜትር ግድም ከፍታ ያለው ሜዳ ነው፤ ዳር ላይ ቱሉ ዲምቱ፣ ማለትም «ቀዩ ኮረብታ»፣ በ4,377 ሜትር ቆሟል። ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት የበረዶ ግግር ከዚህ ከፍታ ወደ ሸለቆዎቹ ይወርድ ነበር፤ ከ15,000 ዓመት ግድም በፊት ቀልጦ ሲያልቅ እየገፋ ያመጣውን ቋጥኝ በየሸለቆው ቆልሎ ትቶት ሄደ። ይህ ዕድሜ እንዴት ተለካ? ቋጥኙ ከበረዶው ወጥቶ ፀሐይ ከመታው ቀን ጀምሮ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በውስጡ ክሎሪን 36 የሚባል ብርቅ አተም ይሠራል፤ አተሙን መቁጠር ድንጋዩ ስንት ዘመን ሰማይ እንዳየ መቁጠር ነው። የኬሚስትሪው መምህር እዚህ ላይ የኪሱን ቅሬታ ረሳ።

በስተደቡብ በኩል ደግሞ ገበሬ በትልም ያስተካከላቸው የሚመስሉ የድንጋይ ረድፎች አሉ። ስፋታቸው እስከ 15 ሜትር፣ ጥልቀታቸው እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። የተሠሩት ከትላልቅ የዓምድ ስባሪዎች ስለሆነ ሰው ደረደራቸው ለማለት ያዳግታል። የደረደራቸው ውርጭ ነው፦ መሬቱ ሲበርድ አብጦ፣ ሲሟሟ ተንሸራቶ፣ በብዙ ዘመን ትልቁን ድንጋይ ከትንሹ ይለየዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው ይህ እንዲሆን የመሬቱ ሙቀት ከዛሬው ቢያንስ በ11 ዲግሪ ዝቅ ማለት ነበረበት። ለምድር ወገብ በዚህ ያህል በሚቀርብ አገር ይህን ማየት ያስገርማል። በልጅነታችን ሱረቱ አን-ነበእን በቃላችን ስንይዝ ስለ ተራሮች ምን እንደሚል ተምረናል፤ ባዛልት የሚለውን ቃል ያወቅነው ከዚያ ዘግይቶ፣ በሌላ ትምህርት ቤት፣ ከሌላ መምህር ነው። ሰነቴ ላይ ሁለቱም ትምህርት አብሮን ነበር። አንዱን የሌላው ማስረጃ ለማድረግ የሚቸኩል ጽሑፍ በየጊዜው ይገጥመናል፤ እኛ ሱብሓነላህ ብለን ዝም ማለትን መርጠናል።

ገርባ ጉራቻን ከአፋፉ ላይ ቁልቁል አየነው። ስሙ «ጥቁር ባሕር» ማለት ነው፤ 3,950 ሜትር ላይ የበረዶ ግግር በቦረቦረው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ትንሽ ሐይቅ ነው። ከታቹ የተከማቸው ደለል 16,000 ዓመት ያህል የሚሄድ መዝገብ ሆኖ ተገኝቷል፤ በየንብርብሩ የአበባ ብናኝና የእሳት ከሰል ስላለ የቱ ዘመን እርጥብ፣ የቱ ደረቅ እንደነበር ይነበብበታል።

ወጣቱ አስጎብኚ የያዘውን የውሃ ኮዳ ከፍቶ ያሳየን ነገር ከሁሉም በላይ በልባችን ቀርቷል። መጀመሪያ ጥቅጥቅ ባለው እርጥብ ሣር ላይ ጥቂት አፈሰሰ፤ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ጠፋ። ቀጥሎ ከብት በረገጠው፣ ሣሩ በተላጨ መንገድ ላይ ያንኑ ያህል አፈሰሰ፤ ውሃው ቡናማ ሆኖ ቁልቁል ሮጠ። «ተራራው ይህ ነው» አለ። በረዶው የቆፈረው ጎድጓዳ፣ በላዩ የበቀለው ረግረግና ሣር፣ በሥሩ ያለው የተሰነጣጠቀ ዐለት አንድ ላይ ሆነው የክረምቱን ዝናብ ይዘው በበጋ ቀስ እያሉ ይለቁታል። ወይብ፣ ወልመል፣ ዱማል፣ ገናሌም ሆነ ዋቤ ሸበሌ ከእነዚህ ተራሮች ይቀዳሉ። ገናሌ፣ ወይብና ዳዋ ዶሎ አካባቢ ተገናኝተው ጁባ ይሆናሉ። በታች በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ በዚህ ውሃ የሚኖረው ሕዝብ 12 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይነገራል።

ክርክሩ የተነሳው ያን ቀን ማታ፣ እሳት ዙሪያ ነው። ሆራ የሚባሉት ማዕድን ያለባቸው ምንጮች ከዚሁ የእሳተ ገሞራ ዐለት ጨው እያሟሙ ይወጣሉ፤ ባላገሩም ከብቱን ከሩቅ ወደነሱ ያወጣል። በወራት ተከፍሎ ከብቱን ወደ ተራራ ማውጣትና መልሶ ማውረድ ጎዳንቱ ይባላል።

«አባቴ ከብቱን ወደ ሆራ ያወጣ ነበር፤ አባቴንም ይዞት የወጣ አባቱ ነው» አሉ ሐጂ። «እናንተ ድንጋይ ልታዩ ትመጣላችሁ፤ ከብቱ ግን ድንጋዩን ሊልስ ነው የሚመጣው።»

«ልክ ነው ሐጂ» አለ ወጣቱ ዓይኑን ከእሳቱ ሳያነሳ። «ግን በእርስዎ አባት ጊዜ ከብቱ ወጥቶ ይወርድ ነበር። አሁን ወጥቶ ይቀራል። ቤትም ይሠራል። ለግጦሽ ብሎ አስታውን የሚያቃጥልም አለ።»

«የሚወርድበትስ የታል? ያ መሬት ዛሬ ስንዴ ነው» ሲሉ መለሱለት።

ማንም አልተናገረም። ወጣቱ ለሐጂ ሻይ ቀዳላቸው።

እኛ የማንንም ወገን ይዘን አልተነሳንም፤ ሆኖም አስተያየታችንን መደበቅ አንፈልግም። ሣሩ ካለቀ ውሃው እንደሚያልቅ በዓይናችን አይተናል፤ ስለዚህ የወጣቱ ሐሳብ እውነት ነው። የሐጂም እውነት ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 ሪያድ በተደረገው ጉባዔ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የመላው ዓለም ሀብት ሆኗል፤ የ12 ሚሊዮን ሕዝብ ውሃ የሚጠበቅበትን ዋጋ ግን ተራራው ላይ የሚኖረው ከብት አርቢ ብቻውን ይክፈል ማለት ፍትሕ አይደለም። የተሻለ ግጦሽ ታች ሳይዘጋጅለት «ውረድ» የሚባል ሰው ነገ ተመልሶ ይወጣል። በፊንጫ ሐበራ የነበሩትም የወጡት ወደው ላይሆን ይችላል።

በአራተኛው ቀን ሰነቴን የሚያቋርጠው የጎባ–ደሎ መና መንገድ ላይ ከሐጂ ተሰናብተን መኪና ያዝን። ወደ ሪራ ቁልቁል ሲኬድ ጉም ከሐረና ደን ሽቅብ ይመጣል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ ቡና ዛፍ አገር መውረድ ማለት ነው። ስለ ደኑ ለብቻው መጻፍ ያስፈልጋል። ቤተሰብ ይዞ ለመሄድ ለሚያስብ አንባቢ ግን ጥቂት እንበል፦ በጥር የሰነቴ ሌሊት ውሃ ያግጋል፤ ለሱብሒ ውዱእ ውሃውን ማታ በፔርሙስ አሙቆ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ልጆችን ዲንሾ ላይ አንድ ቀን ሳያሳድሩ ወደ 4,000 ሜትር ማውጣት ራስ ምታትና ትውከት ያመጣል። አስጎብኚ የግድ ይያዝ፤ ያለ እርሱ ድንጋዩ ድንጋይ ብቻ ነው።

ወይብን ግን ከምንጩ አይተን መተው አልሆነልንም። ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ሄደን ሶፍ ዑመር ደረስን። ከፓርኩ ውጪ ነው፤ ወንዙ ግን ያው ነው። እዚህ የእሳተ ገሞራው ዐለት ተገፎ ከሥሩ የነበረው የኖራ ድንጋይ ወጥቷል፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት ባሌ በባሕር ሥር ሳለች የተነጠፈ ነው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ትንሽ አሲድ ይሆናል፤ ያ ውሃ የኖራውን ድንጋይ እየበላ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ዋሻ ሠርቷል። ሸኽ ሶፍ ዑመር የኖሩበት ነው እየተባለ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ይዘይረዋል። ዓምዶቹና ጣሪያው እንደ ትልቅ መስጊድ ናቸው፤ ውሃው በመካከላቸው እየጠለቀና እየወጣ ያልፋል።

ወንዙ ከዋሻው በሚወጣበት በኩል አንድ ሰው አህያውን አቁሞ ጀሪካን ይሞላ ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከየት እንደመጣን ሲጠይቀን ከሰነቴ አልነው።

«ከላይ?» አለ ቀና ብሎ። «ሣሩ እንዴት ነው?»