ካርቶኑ፣ ቄሱና ዳክዬዎቹ

በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ በገዛ እጁ ሠርቶ አጋዘን ሊያድን የተነሣ አሜሪካዊ ጀማሪ፣ የጠመንጃው ክፍሎች ታሽገው የሚመጡበትን ካርቶን ሳይከፍት ሽሙጥ ይጠብቀዋል፦ «ይህማ መገጣጠም እንጂ መሥራት አይደለም!» ጥፋቱ ሰደፉ በማሽን ተጠርቦ፣ በርሜሉ ተሰርስሮ፣ የባልጩት መጫሪያው ተዘጋጅቶ መምጣቱ ነው። ሽሙጡ የዚህን ዓምድ ጸሐፊ ከነከነው። የጥንቶቹ አንጥረኞችስ ሁሉንም ራሳቸው ነበር እንዴ የሚሠሩት? ተቃራኒውን የሆነ ቦታ ማንበቡ ትዝ አለውና ማገላበጥ ያዘ።

በ18ኛው መቶ ዘመን ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ ወደ ፔንሲልቬንያ፣ በተለይም ወደ ላንካስተር የፈለሱ ጠመንጃ ሠሪዎች አጭሩንና ወፍራሙን የአገራቸውን የአደን ጠመንጃ ይዘው መጡ። ውሎ አድሮ በርሜሉ ረዘመ፣ ሰደፉ ቀጠነ፣ እንጨቱም የአገሩ ሜፕል ሆነ። በርሜሉ የሚሠራው ጠፍጣፋ ብረት አግሎ ዘንግ ላይ እየጠቀለሉ በመቀጥቀጥ ነበር። መጫሪያውን ግን ብዙዎቹ ከእንግሊዝ ወይም ከጀርመን የመጣ ይገዙ ነበር። ይገዙ!

በእርግጥ ጠመንጃ ሠሪው ዋላስ ጉስለር አሉ። በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው የዊሊያምስበርግ ታሪካዊ መንደር ዘጋቢ ፊልም እኚህ ሰው በጥንቱ ዘዴ አንድ ጠመንጃ ከጥሬ ብረትና እንጨት ጀምረው ሲሠሩ ያሳያል። ድንቅ ፊልም ነው፤ ግን አሽሟጣጮቹን ያበዛው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

መጫሪያው ከተነሣ ደግሞ ቄሱን ማለፍ ነውር ነው። ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት ዳክዬ ማደን ይወዱ ነበር። ባልጩቱ ሲጭር ውጭ ያለው ባሩድ ቀድሞ ቦግ ይላል፤ የውስጡ የሚከተለው ከቅጽበት በኋላ ነው። ዳክዬዎቹ በዚያች ቅጽበት ያመልጡ ነበር አሉ። ቄሱ ተናደው፣ ሲመታ በሚፈነዳ ኬሚካል የሚተኮስ ጠመንጃ ሠርተው በ1807 ፓተንት አወጡበት። ለንደን ግንብ ውስጥ ለመንግሥት ሲሠሩ ቆይተው አዲስ ሹም አባረራቸው። ናፖሊዮን 20,000 ፓውንድ ቢያቀርብላቸው እምቢ አሉ ይባላል፤ ይህችኛዋ ወሬ ትንሽ አብዝታ አምራለች። በ1843 አረፉ።

ከዚያ ወዲያ ዓለም ቸኮለ። ዝግታ ምን እንደሚያስከፍል የቴዎድሮስ ወታደሮች በ1868 አሮጌ በተባለው ስፍራ አይተውታል፦ እነሱ በአፈሙዝ ሲያጎርሱ እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ይዘው ነበር።

ፔንሲልቬንያ ግን ወደኋላ ተመለሰች። በ1974 ለአፈሙዝ ጎራሽ የተለየ የአጋዘን አደን ወቅት ከፈተች፤ ከገና በኋላ ላለው ወቅትም ሕጉ የባልጩት ጠመንጃ ብቻ አለ። ቄሱ ያስወገዱት ብልጭታ ግዴታ ሆኖ አረፈው። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ሳያውቀው የዳክዬዎቹ ወገን ሆኗል።

ካርቶኑ በፖስታ እስከ ቤት ድረስ የሚመጣውም በሕግ ነው። የ1968ቱ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ከተራ ጦር መሣሪያ አይቆጥረውም፤ የየግዛቱ ሕግ ግን ይለያያል። ሥራውም ቢሆን ከካርቶኑ ጋር ተጠናቆ አይመጣም። ብረቱን ጥላሸት ቀብቶ እንጨቱ ላይ መጫን፣ የጠቆረውን ብቻ መፋቅ፣ ደግሞ መጫን፣ ደግሞ መፋቅ። አንዴ አብዝቶ የፋቀ እንጨቱን አይመልሰውም።

ስለዚህ ፍርዱ ይኸው፦ የላንካስተሩ አንጥረኛ በተገዛ መጫሪያ ሠርቶ በርሜሉ ላይ ስሙን ከቀረጸ፣ ካርቶን የከፈተውም የራሱን ይቅረጽ።