የእባብ እንቁላል በታምፓ

ፍሎሪዳ ያለችውን ታምፓን ሐምሌ ላይ ላያት ሰው፣ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ነጎድጓዳማ ዝናብ የእኛን ክረምት ያስታውሳል፤ ሙቀቱ ግን ሌላ ነው። ልጄ ቤት እንግዳ ሆኜ ስሰነብት የ12 ዓመቱ የልጅ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ እባብ ያራባ ነበር።

የበቆሎ እባብ ይባላል። መርዝ የለውም፤ የዚያው አካባቢ ተወላጅ ነው፤ ከጎተራ አይጥ ያድናል። ሴቷ 14 እንቁላል ጥላለች፤ ግን አትታቀፍም። ልጁ እርጥበት ባለው ሳጥን፣ በ28 ዲግሪ ሙቀት አስቀምጧቸዋል። እንደ ዶሮ እንቁላል አይገላበጡም፤ ፅንሱ ሊሞት ይችላል። 60 ቀን ገደማ ይጠበቃል።

ነርስ ነበርኩና ዓይኔ ያረፈው እጁ ላይ ነው። ጤነኛ የሚመስል እባብም ሳልሞኔላ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና 65 ዓመት የሞላን አዛውንት እንዳንነካ ይመከራል። ስለዚህ የ3 ዓመቷ እህቱና እኔ በመስታወት ብቻ አየን። እሱም በነካ ቁጥር በሳሙና ይታጠባል፤ ሳጥኑንም ወጥ ቤት አያስገባም።

አንድ አደራ ሰጠሁት፦ «አገር ቤት ስትመጣ ሣር ውስጥ እባብ ብታይ እንዳትጠጋ። የእኛ እፉኝት መርዘኛ ነው።»

«እሺ አያቴ፤ ሰው እጠራለሁ» አለኝ።

ከውጭ የሚመጡ የልጅ ልጆች ያላችሁ፣ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።